እግሯ ድኗል፣ ሐሳቧስ? ከስትሮክ በኋላ ስለሚመጣ ድብርትና ዝንጋታ የተከፈተ ክር

ይህን የውይይት ክር፣ ማለትም ባለሙያዎች በየተራ መልስ የጻፉበትን ጥያቄ፣ የከፈተው ጣርማ በር አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የጤና መኮንን ነው። በስትሮክ ወድቀው ደብረ ብርሃን ተኝተው የታከሙ ሰዎች ለደም ግፊት ክትትል ወደ እሱ ይመለሳሉ። በሦስተኛው ወር ገደማ የወንዱም የሴቷም እግር ይሻለዋል፤ አንዳንዱ በከዘራ፣ አንዳንዱ ያለ ከዘራ ይራመዳል። ሴቶቹ ግን ዝም ይላሉ፣ የተነገራቸውን ይረሳሉ፣ ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ይጨምራሉ። ቤተሰብም ዘነጋች ብሎ ይደመድማል። ወንዶቹ እድር ይወጣሉ፣ ከብት ይቆጥራሉ። ማስታወስንና ማሰብን የሚለካውን ባለ 30 ነጥብ የሞካ ፈተና ሲሰጣቸው የሴቶቹ ውጤት በግልጽ ዝቅ ይላል። ከዚህ ተነሥቶ ስትሮክ የሴትን አእምሮ ይበልጥ ይጎዳል ሲል ደምድሟል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሌለው ጤና ጣቢያ ምን ማድረግ እንደሚችልም ጠይቋል። ጥያቄው መጠየቅ የነበረበት ነው፤ ድምዳሜው ግን ብዙ ሰው ቀስቅሷል። መልሶቹን በቁጥራቸው አስቀምጣለሁ፤ ያው ነገር የተደገመባቸውን አልፌያለሁ።

መልስ 1። ደብረ ብርሃን የምትሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ጠያቂውን ልብ ስላለው አመስግና፣ ማስታወስ ከመለካቱ በፊት ስሜት ይለካ ትላለች። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ በሆነ ጊዜ ድብርት ይይዘዋል፤ የብዙዎቹ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን በአብዛኞቹ ጥናቶች ሴቶች ላይ ይበዛል። ድብርት ትኩረትን ይበትናል፣ ሐሳብን ያዘገያል፣ ቅደም ተከተል ማውጣትን ያከብዳል። ልብ ያላሉት ነገር መጀመሪያውኑ አእምሮ ውስጥ አልገባምና ሲፈለግ አይገኝም። ለመለየት የምትጠቀምበትን ምልክትም ሰጥታለች፦ ድብርት የያዛት ሴት ጥያቄው ሳያልቅ አላውቅም ትላለች፣ ፍንጭ ሲሰጣት ግን ቃሉን ታመጣዋለች፤ የማስታወስ ችሎታዋ የተጎዳባት ትሞክራለች፣ ትሳሳታለች፣ ፍንጩም እምብዛም አይረዳትም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ በዚህ ምልክት ብቻ እንዳይፈረድ አሳስባለች።

ለመለኪያ ያቀረበችው ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድብርት መጠይቅ ነው። በአማርኛ ተተርጉሟል፣ አገር ውስጥም ተፈትኗል። ባለፉት 2 ሳምንታት ስለነበረው ሁኔታ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፣ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። ማንበብ ለማትችል ሴት ጮክ ብሎ ይነበባል፤ ምርጫዎቹን በጣት ማስቆጠር ይቻላል፦ ፈጽሞ፣ አንዳንድ ቀን፣ ከግማሽ በላይ ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ባሏ ወይም አማቷ አጠገቧ ቁጭ ብለው መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ለእነሱ የሚመች መልስ ነው የሚገኘው። ስለ መሞት ሐሳብ የሚጠይቀው 9ኛው ጥያቄ ድምሩ ምንም ይሁን ምን አይዘለልም። እሱ ላይ ከ0 በላይ ከመለሰች በዚያው ቀን ዕቅድ እንዳላት ትጠየቃለች፣ ከቤቷ የሰብል ፀረ ተባይና የተከማቸ ክኒን ይነሣል፣ ብቻዋን አትተውም፣ ሪፈር ይጻፍላታል። ስለ ፀረ ተባዩ መጥቀሷ ትልቅ ነገር ነው፤ ገበሬ ቤት ውስጥ ከአልጋ ሥር የሚቀመጥ ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

መልስ 2። አንድ ፊዚዮቴራፒስት በሐሳቧ ተስማምቶ ማስተካከያ ጨምሯል። ድካም፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት የሚመለከቱት ጥያቄዎች ድብርት በሌለበትም በስትሮኩ ብቻ ነጥብ ያስቆጥራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን፣ ማለትም ደስታ ማጣትንና ማዘንን፣ በደንብ መመርመር ይሻላል። ደስታ ማጣትን ሲጠይቁ አካሏ አሁን በሚችለው ነገር ይጠየቅ፤ ጎረቤት ቡና ጠርታት ሄደች ወይስ አልሄደችም? የሰንበቴ ተራዋ ሲደርስ ግድ ሰጣት? ውኃ መቅዳት አቁማለች ማለት ግን ስለ ስሜቷ አይናገርም። በሁዳዴ ጾም መሐል የምግቡን ጥያቄ እንዳለ መውሰድም ያሳስታል።

መልስ 3 ላይ ድምፁ ጠንከር ይላል። የሕዝብ ጤና መምህር የሆኑ ሰው ናቸው። የክሩ መነሻ ድምዳሜ ከፈተናው የመጣ እንጂ ከበሽታው የመጣ አይደለም ብለው በቀጥታ ተናግረዋል። ሞካ ኩብ አስመስለሽ ሣዪ፣ ሰዓት ሣዪ፣ ቁጥርና ፊደል እያፈራረቅሽ አገናኚ ይላል። እርሳስ ይዛ የማታውቅ የ60 ዓመት የመንዝ ሴት እዚያ ላይ ብትወድቅ የወደቀችው ትምህርት ቤት ስላልተላከች ነው። ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ የሚጨመረው 1 ነጥብ ጭራሽ ላልተማረ ሰው ክፍተቱን አይሞላም። በዚያ ዕድሜ ካሉት መካከል የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጡት ይበልጡን ወንዶች ናቸው፤ ከዳዊት ደግሞም ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቀረላቸው አሉ። የውጤቱ ልዩነት ከስትሮኩ በፊትም የነበረ የትምህርት ልዩነት ሊሆን እንደሚችል ሳያስቡ በጾታ መፍረድ አይገባም ይላሉ።

እሳቸው ነቅፈው ብቻ አላለፉም፣ ምትኩንም ዘርዝረዋል። ታንዛኒያ ገጠር ውስጥ ላልተማሩ አረጋውያን የተሠራ አይዲያ የሚባል አጭር ፈተና አለ፤ እርሳስ ሳያስፈልገው በክብሪት እንጨት ቅርጽ ያሠራል፣ የቃላት ዝርዝር ያስታውሳል፣ በአንድ ደቂቃ እንስሳት ያስቆጥራል። ያ በእጅ ከሌለ ጤና ጣቢያው ራሱ ሊጠይቅ የሚችለውን ጽፈዋል። ቀኑን ሲጠይቁ በወር በዓል የሚመጣውን መልስ ይቀበሉ፤ ዛሬ ሚካኤል ነው ያለች ሴት ቀኑ 12 መሆኑን ታውቃለች። ከቀወትና ከኤፍራታ በኩል ለሚመጡ ሙስሊሞች ጁምዓ ካለፈ ስንት ቀን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ከማስቆጠር ይልቅ በ100 ብር የ35 ብር ሽንኩርትና የ20 ብር ጨው ብትገዢ ስንት ይመለስልሻል ይባል። 5 የሚጨበጡ ነገሮች ስም ተነግሯት፣ ሁለት ጊዜ አስደግመው፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይጠየቁ። ይህ መቁረጫ ነጥብ የሌለው ስለሆነ በሽታ አለ የለም ለማለት አይውልም፤ የሚጠቅመው ያችው ሴት ከወር በፊት ከነበረችበት ጋር ለማወዳደር ነው። ከሁሉ በላይ አብሯት የሚኖር ሰው ከስትሮኩ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር፣ አሁን የትኛው እንደቀረና ከመቼ ጀምሮ እንደቀረ ይጠየቅ።

መልስ 4 የጠያቂው ነው፤ ቅር ብሎታል። እሱ ያላቸው ወንዶችም አብዛኞቹ ያልተማሩ ናቸው፣ ነገር ግን ውሎአቸው ከሴቶቹ ይሻላል ሲል ተከራክሯል። እድር መውጣትን የጤንነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡን አልተወም። ይህቺ ነጥብ ኋላ ላይ ብዙ አከራክራለች።

መልስ 5። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው፣ ረጋ ብሎ የጻፈው። በብዙ አገሮች ጥናት ሴቶች ስትሮክ የሚያገኛቸው በዕድሜ ገፍተው ነው፣ ስትሮኩም ይከብዳል፣ ብቻቸውን የሚኖሩትም ይበዛሉ። እነዚህ ሲቀናነሱ በድብርት ያለው ልዩነት ይጠባል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በልጅነት ከቶንሲል ሕመም ተነሥቶ የልብ በር የሚያበላሸው የሩማቲክ ልብ ሕመም ሴቶች ላይ ይበዛል፤ የጠበበው የልብ በር ልብ ምቱን ያዛባል፣ የረጋ ደም ይፈጠራል፣ እሱም ወደ አንጎል ይሄዳል። ስለዚህ የ30 ዓመት ሴት ስትሮክ ይዟት ስትመጣ ልቧን ሳያዳምጡ የግፊት ክኒን ብቻ ሰጥቶ መስደድ አደጋ ነው። እንዲህ ዓይነቷ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ያስፈልጋት ይሆናል፤ የደም መርጋትን የሚለካው አይኤንአር በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 መቆየት አለበት።

ድብርቱ ከግራው የአንጎል ክፍል መመታት ይመጣል የሚለውን አሮጌ አባባልም አንሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ የተመታው ቀኝ ነው፣ አትደበርም ብሎ መተው አይቻልም። እንዲያውም ቀኝ አንጎላቸው የተመታ ሰዎች ፊታቸውና ድምፃቸው ስሜት ላያሳይ ስለሚችል ድብርታቸው ይታለፋል። ድብርትና ዝንጋታ በሁለቱም አቅጣጫ ይጎዳዳሉም ብሏል፤ ድብርት የያዘው ሰው ልምምዱን ይተዋል፣ አእምሮውም ሥራ ይፈታል፤ ሥራውን እየሳተ የተቸገረ ሰውም ይደበራል። የአእምሮ ማገገም ይበልጥ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ስለሆነ ያ ጊዜ በድብርት ከተበላ ኪሳራው ትልቅ ነው። ሦስተኛ ወር ላይ ድብርት ስናገኝ ዘግይተናል የሚለው የዚህ መልስ ሐሳብ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ነው።

መልስ 6 የመጣው ከምንጃር ነው፤ ወደ መልስ 4 ተመልሶ በጥብቅ ይወቅሳል። ጸሐፊዋ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ወንዱ እድር ወጣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ወጥቶ ምን ይሆናል ተብሎ ይጠየቅ። ድብርት የያዘው ወንድ አዘንኩ አይልም። ይቆጣል፣ በትንሹም በትልቁም ልጅ ይመታል፣ ሌሊት ይነሣል፣ ክኒኑን ይጥላል፣ ከእድሩ በኋላ አረቄ ቤት ይገባል። ፒኤችኪው-9 ቁጣንና መጠጥን አይጠይቅምና ወንዱ በ6 ነጥብ ጤነኛ ተብሎ ይሸኛል። ስለዚህ ለሚስቱ ለብቻዋ ሦስት ጥያቄ ይቅረብላት፦ ጠባዩ ከስትሮኩ ወዲህ ተለወጠ ወይ? ስንት መለኪያ ይጠጣል? ክኒኑ በወሩ መጨረሻ ይተርፋል ወይ? አረቄ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አንጎል ውስጥ የመድማትን አደጋ ይጨምራል፣ ምግብ ሳይበላ አዘውትሮ ለሚጠጣም በቫይታሚን ቢ1 እጥረት ማስታወስን ይጎዳል። ጠያቂው ሴቶች ብቻ ታመሙ ያለው ሴቶቹን ብቻ ስላየ ነው ብላ ዘግታለች። አነጋገሯ ይቆረቁራል፣ ነገሩ ግን እውነት ነው።

መልስ 7 በዝርዝሩ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ከመሐል ሜዳ በኩል የጻፈች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ታስረዳለች። ሴቲቱ ከሆስፒታል ስትመለስ ቤተሰብ በፍቅር አረፍ በይ ይላታል። ልጇ ወይም ምራቷ ምጣዱንም ጀበናውንም የእህሉን ቁልፍም ትረከባለች። የሚጠይቃት የለም፣ የምትወስነው የለም፤ መደብ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ወንዱ ግን ማረስ ቢያቅተውም በግ ሲሸጥ ዋጋ ይጠየቃል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እርቅ ይሰማል። አእምሮው ሳይታወቀው በየቀኑ ይሠራል። ሴቷ ላይ የሚታየው መደንዘዝ በከፊል ከዚህ ሥራ መፍታት ይመጣል። ስለዚህ የሚታዘዘው ልምምድ ከራሷ ጓዳ ይሁን ብላ ቡና ማፍላትን መርጣለች፤ ቅደም ተከተል አለው፣ መጠበቅ አለው፣ ለስንት ሰው እንደሚቀዳ ማስላት አለው፣ ሲያልቅም ሰው ይሰበሰባል። ለድብርት የሚበጀው ይህ የመጨረሻው ነው።

መልስ 8። የመልስ 2 ፊዚዮቴራፒስት ተመልሶ ሐሳቡን ወዶት፣ በእሳት መጀመሩን ግን አጥብቆ ተቃውሟል። የደነዘዘ እጅ ሲቃጠል አይሰማውም። ቀኝ አንጎሏ የተመታ ሴት ደግሞ በግራዋ ያለውን ነገር ዓይኗ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ላታስተውለው ትችላለች፤ ምድጃው በግራዋ ከሆነ ቀሚሷ እሳት ላይ ይወድቃል። ይህን መለየት ቀላል ነው። ሰሐን ላይ ያለውን እንጀራ የቀኙን ግማሽ ብቻ በልታ አበቃሁ ካለች፣ ነጠላዋ በግራ ትከሻዋ ሲወርድ ካላወቀች፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ከሆነም የየመስመሩን መጀመሪያ እየዘለለ ከመሐል ካነበበ ያ ነው። ጽሑፋችን ከግራ ስለሚጀምር ንባብ ላይ ቶሎ ይጋለጣል፤ ቤተሰብ ግን ዘነጋ ይለዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንደገና አበጅቶታል። በመጀመሪያው ሳምንት ጥሬ ቡና መልቀም ብቻ፤ ትሪው ፊት ለፊቷ፣ ከግራው ጠርዝ ላይ ቀይ ክር ታስሮ፣ ክሩን እስክታይ ወደ ግራ እንድትፈልግ እየተነገራት። ቀጥሎ ሲኒ መደርደርና ለመጣው ሰው ልክ መቁጠር። ከዚያ በሁለት እጅ ሙቀጫ መውቀጥ፤ የደከመው እጅ ሙቀጫውን ይይዛል። መቁላትና ማፍላት የመጨረሻ ነው፤ እሱም ምድጃው በቀኟ ተደርጎ፣ ሰው አጠገቧ ቆሞ፣ ጀበናው ከግማሽ ሳያልፍ። እንድትገምት እያደረጉ ማሳሳት ማስታወስ ለተጎዳ ሰው አይበጅም፣ ስሕተቱ ራሱ ይለመዳል፤ ከመሳሳቷ በፊት ቀጣዩ ደረጃ ይነገራት፣ ከዚያ ንግግሩ ቀስ በቀስ ይቀነስ። ልምምዱ ጠዋት፣ እንቅልፍ ከጠገበች በኋላ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፤ ፊቷ ሲጨፈግግና እጇ ሲዘገይ ይቁም። መንዝ ላይ የበግ ጠጉር የምትፈትል ከሆነች እንዝርቱ ከማንኛውም የሆስፒታል መሣሪያ ይልቅ ሁለት እጅንና ትኩረትን አብሮ ያሠራል። ለወንድ ደግሞ እህል በቁና አስለክቶ ማስላት፣ የበግ ገበያ ዋጋ ማነጻጸር። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እስከ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ለስሜትም ለአእምሮም ስለሚጠቅም ለሁለቱም እኩል ይታዘዝ ብሏል።

መልስ 9 ከነርስነቱ ጋር ዲያቆን የሆነ ሰው ጽፎታል። ብዙ በሽተኞች ከሆስፒታል ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ለሱባኤ እንደሚሄዱ አስታውሶ፣ ያንን በክትትል ዕቅድ ውስጥ ማስገባት ይሻላል አለ። ሰው መሐል መዋል፣ ጸሎት፣ ተስፋ፣ ብቻ አለመሆን ለድብርት ጉልበት አላቸው። የክኒን ከረጢቱ አብሮ ይሂድ፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩ ተቆጥሮ መድኃኒቱ በትርፍ ይሰጥ። መልስ 10 በዚህ ላይ ዘሎ ወጣ፤ ጸበል ጊዜ ማባከን ነው፣ ክኒን ያቋረጠው ሁሉ በሁለተኛ ስትሮክ ይመለሳል ብሎ በከረረ ቃል ጻፈ። መልስ 11 የዲያቆኑ ነው፤ እሱም አልለዘበም። ከሁለት አንዱን ምረጥ የተባለ በሽተኛ ክኒኑን ነው የሚጥለው፤ ያስጣለውም መርጦ እንዲመጣ ያስገደደው ባለሙያ ነው አለ። ታሞ ላለ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ፣ ልጹም ካለም በቀን አንዴ የሚወሰደው የግፊት መድኃኒት አምሎዲፒን ወደ ማታ ሊዛወር እንደሚችል አስረዳ። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ግን ራሱ ጨመረ፦ የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው በጀሪካን ወይም በኩባያ ጸበል አይጋት፤ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ፣ በሻይ ማንኪያ፤ ካሳለው ወይም ድምፁ ውኃ ውኃ ካለ ይቁም። በኔ ግምት ከሁለቱ ዲያቆኑ ትክክል ነው፤ ለሰው ሕይወት የሚጠቅመው የእሱ መንገድ ነው።

መልስ 12 የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነው። ስትሮክ ላገኘው ሁሉ ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ከመጀመሪያው ቢሰጥ እጅ እግሩም አእምሮውም ቶሎ ይድናል ብሎ መከረ። መልስ 13 የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት፤ በቁጣ ነው የመለሰችው። ይህ ሐሳብ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረንሳይ ውስጥ በ118 ሰዎች ላይ ከተደረገው ፍሌም ከሚባለው ጥናት ነው። ከዚያ በኋላ ፎከስ በብሪታኒያ በ3127 ሰዎች፣ አፊኒቲ በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድና በቬትናም በ1280፣ ኢፌክትስ በስዊድን በ1500 ሰዎች ላይ 20 ሚሊ ግራም ለ6 ወር ሰጥተው ፈተኑት። የአካል ማገገምን አላሻሻለም፤ አዲስ ድብርትን ግን ቀነሰ፣ የአጥንት ስብራትንም ጨመረ። ስለዚህ ለሁሉም አይታደልም፤ ድብርቱ ለተረጋገጠበት ግን አይከለከል።

በዚያው ለጤና ጣቢያዎች የሚሆን ዝርዝር አስቀምጣለች። በየመደርደሪያው የሚገኘው የድብርት መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ለዚህ በሽተኛ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፤ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሲነሡ ያዞራል፣ የልብ ምት ያዛባል፣ ከሁሉም ይልቅ ማስታወስን ራሱን ያደበዝዛል። ዘነጋች የተባለችን ሴት አሚትሪፕቲሊን ሰጥቶ ይበልጥ ዘነጋች ማለት የኛ ጥፋት እንጂ የስትሮኩ አይደለም። ፍሉኦክሰቲን ጠዋት ይሰጣል፣ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል፤ ለአረጋዊ ከ10 ጀምሮ ወደ 20 ሚሊ ግራም ይወጣል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይሞላው አልሠራም ተብሎ አይተውም፤ ይህ መጀመሪያ ቀን ካልተነገረ በሽተኛው በሁለተኛው ሳምንት ያቆመዋል። ዋርፋሪን ለሚወስድ ፍሉኦክሰቲን የዋርፋሪኑን ኃይል ሊጨምር ስለሚችል አይኤንአር ቶሎ ይደገም፤ ሌላው የድብርት መድኃኒት ሰርትራሊን ከተገኘ ይመረጣል።

መልስ 14 ከሸዋ ሮቢት የመጣ ጥያቄ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፋች በሽተኛ ፍሉኦክሰቲን ከጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ፊት ከነበረችበት ይበልጥ ግራ ተጋባች፣ ትተኛለች፣ ታቅለሸልሻለች፤ ቤተሰቡ ሁለተኛ ስትሮክ ነው ይላል። መልስ 15 ላይ ፋርማሲስቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ ለግፊቱ ምን ትወስዳለች? ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚል መልስ መጣ። ፍሉኦክሰቲንም ሃይድሮክሎሮታያዛይድም በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም፣ ማለትም የጨው ንጥረ ነገር፣ ያወርዳሉ፤ አብረው ሲሰጡ አደጋው ይደረባል፤ በአረጋውያንና በሴቶች ላይ ይበረታል፣ የቆላው ሙቀትና ላብም አይረዳም። ጤነኛው የሶዲየም መጠን በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ተልካ ሶዲየሟ ይለካ፣ አዲስ ስትሮክም ይመርመር፣ ጨው አሟሙቶ ማጠጣት ግን አይሞከር። ለወደፊቱ ፍሉኦክሰቲን ለሚጀምር ሰው የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ቢሆን ይሻላል፤ ካልተቻለ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሶዲየም ይለካ። ይህን ጥያቄ ያነሣው ሰው ስንት ቤት እንደጠቀመ አያውቀውም።

መልስ 16 የመናገር ችሎታቸውን ስላጡት ሰዎች ማንም እንዳላነሣ አስታውሷል። ቃል ለጠፋበት ሰው ፒኤችኪው-9 አይሆንም፤ አዎን ሲል አይደለም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ለእነሱ ኤስኤዲኪው-10 የተባለ፣ ተንከባካቢው ያየውን የሚሞላው ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ አለ፦ ያለቅሳል? ሰው ሲመጣ ፊቱን ያዞራል? ሌሊት ይነሣል? መልስ 17 ማልቀስ ላይ ጥንቃቄ ጨምሯል። ያለ ምክንያት ድንገት ገንፍሎ፣ ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ፣ ወሬ ሲለወጥ የሚቆም ልቅሶ ወይም ሳቅ ስሜትን የሚገታው የአንጎል መስመር መጎዳት እንጂ የግድ ድብርት አይደለም። ቤተሰብ ይህን ካልተነገረው በተለይ ወንድ ልጅ አባቱ ሲያለቅስ አይቶ ይሸማቀቃል፣ እንግዳ ያስቀራል። ሳያዝን ግን ምንም ነገር የማይጀምር፣ ካልነኩት የማይነሣ ሰውም አለ፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰው በሰዓት የተቆረጠ ፕሮግራምና የሚጠራው ሰው ነው።

መልስ 18 ወደ ጎን ወጣ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ካርድ ሪፈር ደረጃውን ካልጠበቀ እንደማይሠራ፣ ከገጠር ወረዳ ደብረ ብርሃን ደርሶ ለመመለስ የሚያስፈልገው የትራንስፖርት ወጪ አስታማሚውን እንደሚያከስር ተጻፈ። መልስ 19 ከዚያው ተነሥታ አስታማሚዋ ማን ናት ብላለች። ባል ሲታመም ሚስት ታስታምማለች፤ ሚስት ስትታመም የ13 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። አስታማሚዋም በዚያው ፒኤችኪው-9 ትጠየቅ ትላለች፤ ተገቢ ነው። መልስ 20 የወሊድ መከላከያ ጉዳይ አንሥቷል፦ ስትሮክ ያገኛት ወጣት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን ፈጽሞ አትወስድም፣ በየ3 ወሩ የሚሰጠውም መርፌ አይመከርላትም፤ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ይሻላታል።

መልስ 21 የመጨረሻው ነው፤ የመጀመሪያዋ የአእምሮ ጤና ነርስ ለጠያቂው በቀጥታ ጽፋለታለች። ሦስተኛ ወር እስኪደርስ አትጠብቅ፤ ግፊት ለመለካት በመጣች ቁጥር ሁለቱን የመጀመሪያ ጥያቄዎች ጠይቅ፣ ከሁለቱ አንዱ ከተነካ ዘጠኙንም። ሙሉውን ግን በ2ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ6ኛ ወርና በዓመቱ ሙላ። መጀመሪያ ስሜት፣ ቀጥሎ ማስታወስ፤ ድምሩ 10 እና በላይ ከሆነ የማስታወሱን ውጤት መዝግብ እንጂ በእሱ አትፍረድ። ድብርቱ ታክሞ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ካለፈ በኋላ ያንኑ ጥያቄ በተመሳሳይ ሰዓት ድገመው፤ ያልተመለሰው የስትሮኩ ድርሻ የመሆኑ ዕድል ያኔ ይጨምራል። በአንድና በሁለት ቀን የመጣ መለወጥ ግን ድብርት አይደለም፤ አዲስ ስትሮክ፣ ከመውደቅ በኋላ የጭንቅላት ደም፣ የሶዲየም መውረድ ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሪፈር ጻፍ። መድኃኒቱ ሲሠራና ሲሻላት ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ከዚያ በአንዴ ሳይቋረጥ ይቀነሳል፣ ካቆመች በ4ኛው ሳምንት ፒኤችኪው-9 እንደገና ይሞላል።